“ከሰው አይግባባም” የምትለዋን ቃል ጠይቁልኝ

ልጆቼ፣ ሰሞኑን እዚህ ሀዋሳ ሕግ የምትማሩ ሦስት ልጆች ቤት ድረስ መጥታችሁ የመመረቂያ ጽሑፋችንን በአመክሮ፣ እስረኛ ቅጣቱን ሳይጨርስ በፍርድ ቤት በሚለቀቅበት ነገር ላይ ልንሠራ ነው ከየት እንጀምር ብላችሁኝ ነበር፣ ያን ቀን እንግዳ ስለነበረብኝ በደንብ አላወራኋችሁም፣ ከሄዳችሁ በኋላ ግን እንቅልፍ ነሳኝ ስለዚ በጽሑፍ ይሁን ብዬ ነው። ሌሎቻችሁም ብታነቡት ደስ ይለኛል።

ሕጉን መቼም ታውቁታላችሁ። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 202 ላይ ነው፣ የተፈረደበት ሰው ከቅጣቱ ከሦስት እጅ ሁለቱን ከጨረሰ፣ ዕድሜ ልክ ከሆነ ደግሞ 20 ዓመት ከታሰረ፣ ፍርድ ቤቱ ቀሪውን በአመክሮ ሊለቀው ይችላል። 9 ዓመት የተፈረደበት 6 ሲሞላው ማለት ነው። ሥራውና ጠባዩ መታረሙን ማሳየት አለበት፣ ያደረሰውን ጉዳት አቅሙ በፈቀደ መጠን መካስ አለበት፣ ቢወጣ በሰላም ይኖራል የሚያሰኝ ነገርም መኖር አለበት። ጥያቄው ከማረሚያ ቤቱም ከራሱ ከታራሚውም ሊመጣ ይችላል። ብዙ ሰው ይቅርታና አመክሮ ያምታታል፣ ይቅርታ የመንግሥት ነው፣ አመክሮ ግን የዳኛ ነው፣ እኔም ለብዙ ዓመት የወሰንኩት ይሄንኑ ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ሀዋሳ ገና የደቡብ ክልል ዋና ከተማ በነበረችበት ጊዜ ከደቡብ ኦሞ ወገን የመጣ አንድ ወጣት መዝገቡ እኔ ጋ ቀረበ፣ ጊዜውን ጨርሷል፣ ተጣልቶ አያውቅም፣ የዲሲፕሊን ቅጣት የለበትም፣ ግን የጠባይ ሪፖርቱ ላይ አንድ መስመር አለች፣ “ከሰው አይግባባም” ትላለች። እኔ ያነበብኳት ጠበኛ ነው፣ ከሰው ተስማምቶ መኖር አይችልም ብዬ ነው፣ እንደዚህ ያለ ሰው ቢወጣስ እንዴት በሰላም ይኖራል ብዬ ጥያቄውን አልተቀበልኩትም፣ መዝገቡንም ዘጋሁት፣ ጠቅላላው አስር ደቂቃ አልፈጀም።

ከስንት ጊዜ በኋላ በሌላ ጉዳይ እዛው ማረሚያ ቤት ሄጄ አንድ የቆየ የጥበቃ ሰራተኛ ሲያጫውተኝ የዚያን ልጅ ነገር አነሳ። ልጁ አማርኛም ሲዳምኛም አይችልም ነበር። ግቢው ውስጥ ቋንቋውን የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም። ፎርሙን የሞላው ሰው የጻፈው እውነቱን ነው፣ ከሰው አይግባባም፣ በምን ይግባባ? እኔ ግን ጠባዩን የሚናገር ቃል አድርጌ አነበብኩት። ቀርቦ ይጠየቅ አላልኩም፣ አስተርጓሚ ይፈለግ አላልኩም፣ ይሄ ቃል ምን ማለት ነው ብዬ እንኳ ወደ ማረሚያ ቤቱ አልጻፍኩም። ልጁ ቅጣቱን እስከ መጨረሻዋ ቀን ጨርሶ ነው የወጣው። የት እንዳለ አላውቅም፣ ብፈልገውም አላገኘሁትም።

ስለዚ ልጆቼ አመክሮን ስታጠኑ ከሕጉ ቃል ይልቅ ዳኛው ፊት የሚደርሰውን ወረቀት አጥኑ። ማን ሞላው? ታራሚው የተጻፈበትን አይቶታል ወይ? ለመቃወም ዕድል አግኝቷል? ካሳውንም እንደዚሁ፣ ሕጉ አቅሙ በፈቀደ መጠን ነው የሚለው፣ ሪፖርት ላይ ግን “ካሳ አልከፈለም” ብቻ ተብሎ ይመጣል፣ ወንድም ከብት ሸጦ የከፈለለትና ዘመድ የሌለው ሰው እኩል ይመዘናሉ ማለት ነው፣ ድሃው አቅም እንደሌለው የሚያስረዳለት የለም። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ስጡ፣ ከሁሉም በላይ ያንገበገበኝ ይሄ ነው።

ሌላው ደግሞ የተከለከሉትን ብቻ አትቁጠሩ። ጊዜያቸው ደርሶ ጥያቄያቸው ጭራሽ ፍርድ ቤት ያልደረሰ አሉ፣ ማመልከት እንደሚችሉ የማያውቁ፣ የሚጽፍላቸው ያጡ። እነሱን ከችሎት መዝገብ አታገኟቸውም፣ ከማረሚያ ቤቱ ዝርዝር ጋር ማመሳከር አለባችሁ፣ አድካሚ ነው ግን በላፕቶፕ የዘመናችሁ ልጆች ትችሉታላችሁ፣ እኛ በእጃችን ነበር የምንቆጥረው።

ቁጥር ስታገኙ ደግሞ አትቸኩሉ። በፈረንጆቹ 2011 እስራኤል ውስጥ 8 ዳኞች የመሯቸውን የአመክሮ ችሎቶች 1,112 ውሳኔዎች ያየ ጥናት ወጥቶ ነበር፣ ዳኞቹ ከምግብ እረፍት እንደተመለሱ 65 በመቶ አካባቢ ይፈቅዳሉ፣ ሰዓቱ እየገፋ ሲሄድ ግን ወደ ዜሮ ይወርዳል አለ። ዳኛ ሲርበው ይጨክናል ተብሎ በየቦታው ተወራ። ቆይቶ ሌሎች አጥኚዎች ሲመረምሩት የመዝገቦቹ ቅደም ተከተል እንዲሁ የመጣ አልነበረም፣ ጠበቃ የሌላቸው እስረኞች አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ነበር የሚቀርቡት፣ ስለዚ ቁጥሩ የወረደው በረሃቡ ላይሆን ይችላል። እኔን ከረሃቡ ይልቅ ይሄኛው ነው የገረመኝ፣ ጠበቃ የሌለው ሰው እዛም መጨረሻ ነው።

አንዳንዶቻችሁ የዳኛ ፍላጎት ካለበት አመክሮ ጨርሶ ይቅር ትሉ ይሆናል። አሜሪካኖች በፈረንጆቹ 1984 ባወጡት ሕግ የፌዴራሉን አስቀርተውታል፣ ከ1987 መጨረሻ ጀምሮ ለተፈጸሙ ወንጀሎች ማለት ነው፣ አንዱ ምክንያታቸውም ይሄው የውሳኔ መለያየት ነበር። እኔ አልስማማም። አመክሮ ማለት ሙከራ ነው፣ ገዳም የገባ ሰው ከመመንኮሱ በፊት በአመክሮ ይቆይ የለ፣ ታራሚም የሚጠብቀው ነገር ከሌለ ለምን ይታረማል? ውሳኔው ምክንያቱ ተጽፎ ይሰጥ፣ ሪፖርቱ በሚገባው ቋንቋ ይነበብለት፣ ጊዜው ሲደርስ ማረሚያ ቤቱ ራሱ ይንገረው፣ እነዚህን ብታስደርጉ ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

ከጥምቀት በኋላ ጠዋት ጠዋት ቤት ነኝ፣ ለቃለ መጠይቅ ያዘጋጃችሁትን ፎርም ይዛችሁ ኑ አብረን እናየዋለን። አስተርጓሚ ከየት እንደምታመጡ ግን ከአሁኑ አስቡበት፣ ከየትኛው ብሔረሰብ የመጡ ታራሚዎች እንዳሉ አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ አማርኛ የሚችሉትን ብቻ አነጋግራችሁ እንዳትመለሱ።