ዲጂታል ሙዚቃ ከየት ልግዛ? ጠይቁኝ

ሙዚቃ የምሰማው ፋይሉን ገዝቼ፣ አውርጄ ነው። ስለ መግዣ ቦታዎች የጠየቃችሁኝን እየመለስኩ ነው።

ጥያቄ፦ በየወሩ እየከፈልኩ ያሻኝን እሰማለሁ። ለምን እገዛለሁ?

መልስ፦ መክፈል ስታቆም መስማትም ታቆማለህ። የገዛኸው ፋይል ግን ኢንተርኔት ባይኖርም ይጫወታል። ሁሉንም ግዛ አልልህም፣ ደጋግመህ የምትሰማውን ብቻ።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከባንድካምፕ፣ ሙዚቀኞች ሥራቸውን ለአድማጭ ከሚሸጡበት ድረ ገጽ። ከዲጂታል ሽያጭ የሚወስደው 15 በመቶ ነው፣ የክፍያ ማስተላለፊያ ወጪ ከተነሳ በኋላ የቀረው ለሙዚቀኛው ወይም ለአሳታሚው ይሄዳል። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ደግሞ ከከፈልክ በኋላ ማውረጃው ላይ የፋይል ዓይነት ትመርጣለህ፣ ዛሬ ለስልክህ ኤምፒ3 (ፋይሉ እንዲያንስ ከድምፁ የተወሰነው የተጣለበት) ወስደህ ነገ ተመልሰህ ያንኑ አልበም በፍላክ (ከድምፁ ምንም ያልተጣለበት) ብታወርድ ድጋሚ አትከፍልም።

ጥያቄ፦ የምወደው ዘፋኝ እዚያ የለም።

መልስ፦ የትልልቅ አሳታሚዎች ሥራ እዚያ ብዙም አይገኝም። ኮበዝን እይ፣ ፍላክ ይሸጣል፣ በሁሉም አገር ግን አይሠራም። የአፕል ሱቅ አይቱንስ የሚሰጠው 256 ኪሎቢት ኤኤሲ (እንደ ኤምፒ3 የተጨመቀ ፋይል) ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ በሌላ መሣሪያ እንዳይጫወት የሚያግድ መቆለፊያ የለበትም። ዲጄ ከሆንክ ቢትፖርት።

ጥያቄ፦ ከሲዲ በላይ ጥራት አለው የሚባለው ባለ 24 ቢት፣ 192 ኪሎኸርዝ ፋይል ውድ ነው። ልጨምር?

መልስ፦ ለመስማት ከሆነ ገንዘብህን ያዝ። የሲዲው 16 ቢት፣ 44.1 ኪሎኸርዝ እስከ ግማሹ፣ ማለትም እስከ 22 ኪሎኸርዝ ያለውን ድምፅ ይይዛል፣ የሰው ጆሮ ደግሞ 20 አካባቢ ያበቃል። ልዩነቱ የሚሰማህ ማስተሩ (ለሽያጭ የተዘጋጀው የመጨረሻ ቅጂ) ላይ ነው። አንዱ አልበም በተለያየ ማስተር ይሸጣል፣ አንዳንዱ ድምፁ እስኪታፈን ድረስ ከፍ ተደርጓል። ስለዚህ ናሙናዎቹን አነጻጽር።

ጥያቄ፦ ፍላክ ተብሎ የተሸጠልኝ ከኤምፒ3 የተለወጠ ቢሆንስ?

መልስ፦ ያጋጥማል። ስፔክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ፋይሉን ጎትተህ ጣልበት። የድምፁን ድግግሞሽ የሚያሳይ ሥዕል ያወጣልሃል። ሥዕሉ ከ16 ኪሎኸርዝ በላይ በቀጥታ መስመር ተቆርጦ ባዶ ከሆነ ጠርጥር። ቀስ እያለ የሚደበዝዝ ከሆነ፣ በተለይ የድሮ ቅጂ ላይ፣ ችግር የለውም። ከጠረጠርክ ሥዕሉንና ደረሰኙን ይዘህ ሻጩን ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ሱቁ ቢዘጋስ?

መልስ፦ ጉግል ፕሌይ ሙዚቃ እ.ኤ.አ. በ2020 ተዘግቷል። በጊዜው ያላወረደ ወይም ያላዛወረ ሰው ስብስቡን አጥቷል። የገዛኸውን በዚያው ቀን አውርድ፣ ከኮምፒውተርህ ሌላ ውጫዊ ዲስክ ላይም ገልብጠው።