መስመሩ መሬት ውስጥ ገባ፣ ፍሪዘሬ ተቃጠለ፤ ማንን ልክሰስ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። ግቢያችን መንገድ ዳር ስለሆነ በፊት ለፊቷ ክፍል አነስተኛ ምግብ ቤት ከፍቻለሁ። የሰፈራችን የመብራት ምሰሶዎች ተነሥተው መስመሩ መሬት ውስጥ ሲገባ፣ ከአዲሱ ሳጥን እስከ ቆጣሪያችን ላለው ኬብል «እያንዳንዱ ቤት ገንዘብ ያውጣ፣ ያላወጣ አይቀጠልለትም» ተባልን። አስተባባሪ ነኝ ላለ ሰው 7,000 ብር በእጁ ሰጠሁ፤ ደረሰኝ የለኝም። መብራቱ ከተቀጠለ በኋላ አንድ ቀን ማታ አምፖሎቹ ከልክ በላይ ቦግ አሉ። ወዲያው ዲፕ ፍሪዘሩ፣ ፍሪጁና ቴሌቪዥኑ ተቃጠሉ። የሁለት ጎረቤቶቼም ዕቃ እንዲሁ ሆነ። የቆፈረው ኮንትራክተር «መብራት ኃይልን ጠይቂ» ይለኛል። እዚያ ስሄድ «የሠራው ኮንትራክተሩ ነው» እባላለሁ። ቆጣሪው ደግሞ በሟች አባቴ ስም ነው። ሳጥኑም ከምግብ ቤቴ መግቢያ ጥግ ላይ ተተክሏል። መክሰስ እችላለሁ? ማንን?

መልስ

መክሰስ ይችላሉ። «ማንን?» የሚለውን ግን ሁለቱ ወገኖች እንደ ኳስ እየተቀባበሉ የሚያደክሙዎት በእሱ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እመለስበታለሁ። ከዚያ በፊት ዛሬውኑ መሠራት ያለበት ነገር አለ።

ሽቦ አየር ላይ እያለ ሲበጠስ ሰፈሩ ሁሉ አንጋጦ ያየዋል። መሬት ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ቦዩ ተደፍኖ ንጣፍ ሲለብስ፣ የተበላሸው ቅጥያ የት እንደነበር የሚናገር ነገር አይቀርም። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ በፒያሳና በአራት ኪሎ ከተጀመረ ወዲህ የመብራትና የቴሌ መስመር በየመንገዱ ዳር እየተቀበረ ነው። ሥራው ሌት ተቀን ስለሆነ ማታ ክፍት ያዩት ቦይ ጠዋት ተነጥፎ ሊያገኙት ይችላሉ። ስለዚህ ጠበቃ ከመፈለግዎ በፊት ስልክዎን ያውጡ። ሳጥኑን፣ በላዩ የተጻፈውን ቁጥር፣ ወደ ቆጣሪዎ የሚገባውን ኬብል፣ ቆጣሪውን፣ ክፍት ቦይ ካለም ቦዩን ፎቶ አንሡ። የተቃጠሉትን ዕቃዎች ለቆራሌው እንዳትሰጡ! ጠጋኝ ጋ ወስደው «ከመጠን በላይ በሆነ ኃይል ቦርዱ ተቃጥሏል» የሚል ከሆነ በጽሑፍ፣ በፊርማና በቀን ይቀበሉት። የተቃጠለውን ቦርድ ራሱን በፌስታል ቋጥረው ያስቀምጡ።

ይህን ሁሉ የምለው ክሱን የሚያሸንፉት ወይም የሚሸነፉት ዕቃው በተቃጠለበት ምክንያት ላይ ስለሆነ ነው። መከላከያው ከወዲሁ ይታወቃል፤ «ፍሪዘሩ አሮጌ ነበር» ይባላሉ። እርስዎ የገለጹት ግን የአሮጌ ፍሪዘር ጠባይ አይደለም። ወደ ሰፈር የሚመጣው መስመር ሦስት ፌዝ (ኃይል የሚያመጡ ሽቦዎች) እና አንድ ኒውትራል (የመመለሻ ሽቦ) አለው። በአንድ ፌዝና በኒውትራሉ መካከል 220 ቮልት ይገኛል፤ በፌዝና በፌዝ መካከል ግን 380 ነው። ኒውትራሉ ቅጥያው ላይ ከላላ ወይም ከተበጠሰ የቤቶቹ ኃይል ይዛባል። አንዱ ቤት ጭል ጭል ሲል ሌላው ቤት ወደ 380 የሚጠጋ ይገባበታል። አምፖል ቦግ ብሎ ዕቃ ተከታትሎ የሚቃጠለው እንዲህ ሲሆን ነው። ቅጥያው እንደዚያ እንደነበር ከዚህ ሆኜ ልምልልዎ አልችልም፤ ይህ የባለሙያ ሥራ ነው። ነገር ግን የሦስት ቤት ዕቃ በአንድ ማታ፣ በአንድ ሰዓት ሲቃጠል «አሮጌ ነበር» የሚለው ክርክር አቅም ያጣል። ስለዚህ ሁለቱን ጎረቤቶችዎን አሁኑኑ ይያዙ። አብረው ቢከሱ መልካም፤ ባይከሱም ምስክር ይሁኑ። ፍርድ ቤቱም ባለሙያ ተመድቦ መስመሩን እንዲመረምር ማዘዝ ይችላል። ይህን ከክሱ ጋር ጠይቁ።

አሁን ወደ ተከሳሹ። ሁላችንም «መብራት ኃይል» እንላለን እንጂ በ2006 ዓ.ም. አንዱ ድርጅት ለሁለት ተከፍሏል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫውንና ከፍተኛ መስመሮቹን ይዟል። ወደ ቤትዎ የሚያደርሰውና ሂሳብ የሚሰበስበው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ስሙን አሳስቶ የሚከስ ሰው ጥቂት አይደለም፤ ዳኛው ደግሞ ስሙን አርሞ አይሰጥዎትም። ውል ያለዎት ከኋለኛው ጋር ነው።

ኮንትራክተሩስ? በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2028 መሠረት በጥፋቱ ጉዳት ያደረሰ ሁሉ ይክሳል። ቅጥያውን ያበላሸው እሱ ከሆነ በዚህ ይያዛል። ነገር ግን አንቀጽ 2134 ላይ የሚደናቀፉ ብዙ ናቸው። ሥራውን በራሱ ነፃነት የሚሠራ ሰው ለሚያደርሰው ጥፋት አሠሪው እንደማይጠየቅ የሚናገር ድንጋጌ ነው። «የሠራው ኮንትራክተሩ ነው» የሚልዎት ሰው አንቀጹን ባይጠራውም ያሰበው እሱን ነው።

በእኔ እምነት ይህ መልስ እርስዎን ሊያባርር አይገባም። ከእርስዎ ጋር የኃይል አቅርቦት ውል ያለው አቅራቢው ነው። ተዋዋይ ግዴታውን በሌላ ሰው እጅ ስላስፈጸመ ብቻ ከውሉ ነፃ አይሆንም። ደህና የሆነ 220 ቮልት እንዲያቀርብ ነው ገንዘብ የሚከፈለው። የ2134 ክርክር ደግሞ ከውል ውጭ ላለ ኃላፊነት፣ ማለትም ውል ባይኖርም ጉዳት በማድረስ ለሚመጣ ተጠያቂነት የተጻፈ ነው። ስለዚህ ክሱን በዋነኛነት በውሉ ላይ አቁሙት፤ በአማራጭ ደግሞ ከውል ውጭ ባለው ኃላፊነት። ሁለቱንም ወገኖች በአንድ መዝገብ ይክሰሱ። ያን ጊዜ ጣት የሚጠቋቆሙት እርስዎን አቁመው ሳይሆን ዳኛ ፊት ይሆናል።

አንዳንድ ባልደረቦቼ እንዲህ ያለ ክስ ሲጽፉ መጀመሪያ የሚጠቅሱት አንቀጽ 2069ን ነው። ድንጋጌው ደስ ይላል፤ ጥፋት ማስረዳት ሳያስፈልግ አደገኛ ሥራ የሚሠራውን ተጠያቂ ያደርጋል፣ መንግሥትም ቢሆን። ግን የሚናገረው ስለ ከፍተኛ ኃይል ተሸካሚ መስመር ነው። የ380/220 የሰፈር መስመር በዚህ ውስጥ ይገባል ብሎ መከራከር አድካሚ ነው። የ15 ኪሎ ቮልት ኬብል ፈንድቶ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ነበር። በእርስዎ ጉዳይ መጨረሻ ላይ ይጠቀስ፤ ሸክሙን ግን አይጣሉበት።

በውል ለመጠየቅ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል፤ አንቀጽ 1772 ይህን ይላል። በአገልግሎቱ የጥሪ ማዕከል በ905 ደውለው ከሆነ የአቤቱታ ቁጥሩን ይያዙ። እሱ ብቻ ግን አይበቃም። ማመልከቻ ይጻፉ፤ መዝገብ ቤት ገቢ ያስደርጉ፤ በእጅዎ በሚቀረው ኮፒ ላይ ቀንና ቁጥር ያስጽፉ። ማኅተም ያላረፈበት ወረቀት ክርክር ላይ ወሬ ነው። ከውል ውጭ ያለው ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት በይርጋ (የመክሰሻው ጊዜ በማለፉ) ይታገዳል፤ አንቀጽ 2143። ማመልከቻ ስላስገቡ ብቻ ይርጋው አይቆምም። «ነገ ይመለሱ» ሲባሉ ሁለቱ ዓመት ሳይታወቅ ያልፋል።

የቆጣሪው ስም ጉዳይ እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። ውሉ በአባትዎ ስም ስለሆነ «አንቺ ደንበኛችን አይደለሽም» መባሉ አይቀርም። የወራሽነት ማረጋገጫ ያውጡ፤ አዲስ አበባ ውስጥ የሚሰጡት የከተማው ፍርድ ቤቶች ናቸው። ወንድምና እህት ካለዎትም አብረው ይግቡ። ሂሳቡን እርስዎ ሲከፍሉ የኖሩባቸውን ደረሰኞች ወይም የቴሌብር መልእክቶች ይሰብስቡ። በአማራጭ የሚቀርበውን ክስ ችላ አትበሉ ያልኩትም ለዚህ ነው። ፍሪዘሩ የአባትዎ ሳይሆን የእርስዎ ንብረት ነው። ውሉ የማንም ይሁን፣ በጥፋት ንብረቱ የተቃጠለበት ሰው በራሱ ስም መጠየቅ ይችላል። የከሰሱት የፌዴራል መንግሥት የልማት ድርጅት ስለሆነ ጉዳዩ የፌዴራል ፍርድ ቤት ነው። እስከ 10 ሚሊዮን ብር ያለው ደግሞ በመጀመሪያ ደረጃው ይታያል።

ምን ያህል ይጠይቁ? ሕጉ ካሳው ከጉዳቱ ጋር እኩል ይሁን ነው የሚለው። አምስት ዓመት ያገለገለ ፍሪዘርን በአዲስ ዋጋ መጠየቅ ከዳኛ ጋር ያቀያይማል። የተበላሸውን ሥጋና ቅቤ፣ የጥገናውን ወጪ፣ ምግብ ቤቱ የተዘጋባቸውን ቀናት ገቢም ያስገቡ። ገቢውን ሲጽፉ ግን ለግብር ያስታወቁትን ያስታውሱ። ለገቢዎች ትንሽ፣ ለፍርድ ቤት ብዙ የሚባል ነገር የለም፤ ተከሳሹ የግብር ማስታወቂያዎ ይቅረብልኝ ቢል ነገሩ በሁለት በኩል ይበላሻል።

ስለ 7,000 ብሩ። መስመሩ እንዲነሣ የጠየቁት እርስዎ አይደሉም። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ስለሚለቀቅበትና ካሳ ስለሚከፈልበት ሁኔታ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ስለ አገልግሎት መስመሮች መነሣትም ይናገራል። መንፈሱ ግልጽ ነው፤ ይነሣልኝ ያለው የመንግሥት አካል ለመስመሩ ባለቤት ይከፍላል። ደንበኛው በዚህ ሂሳብ ውስጥ የለም። ቆጣሪዬ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወርልኝ ወይም ኃይል ይጨመርልኝ ቢሉ ኖሮ መክፈል ነበረብዎት፤ ከቆጣሪው በኋላ ያለው የቤት ውስጥ ዝርጋታም የእርስዎ ነው። ከሳጥን እስከ ቆጣሪ ግን ሌላ ነው። የሚከፈል ነገር አለ ቢባል እንኳ የሚከፈለው በደረሰኝ ነው። በእጁ ተቀብሎ ደረሰኝ የማይሰጥ ሰው የተቋሙ ሠራተኛ ከሆነ ነገሩ የሙስና ጥርጣሬ ነው፤ ካልሆነ ማታለል። ለፖሊስ ያመልክቱ። ሲሰጡ ማን አብሮዎት ነበር? ጎረቤትዎ በቴሌብር ልኮለት ከሆነ የሰውየው ስም እዚያ ላይ አለ። ገንዘቡንም ያለ አግባብ የተከፈለ ነው ብለው በፍትሐ ብሔር ማስመለስ ይችላሉ። የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ፣ ቃለ ጉባኤ ይዞ፣ በፈቃዱ ያዋጣው ከሆነ ግን ይህ ሁሉ አይሠራም። ይህን እርስዎ ያውቁታል።

ሳጥኑን በተመለከተ አጭር ነው። ካርታዎን አውጥተው ከአጥርዎ ወሰን ጋር ያስተያዩት። ሳጥኑ ያረፈው በመንገዱ ክልል ላይ ከሆነ ካሳ አይጠይቁም። መግቢያ ከዘጋ ወይም ለደንበኞችዎ የሚያሰጋ ከሆነ ግን እንዲስተካከል በጽሑፍ ያመልክቱ። በካርታዎ ውስጥ ከገባ በይዞታዎ ላይ ያረፈ ነውና ያለ ካሳ ሊተከል አይገባም፤ ያን ጊዜ የካርታውን ኮፒ ይዘው ወደ ክፍለ ከተማዎ የመሬት ይዞታ ክፍል ይሂዱ። እስከዚያው ሳጥኑን ራስዎም እንዳይከፍቱት፣ የሰፈር ኤሌክትሪሺያንም እንዳያስከፍቱበት። ለሕይወትዎ ማሰብ አንድ ነው፤ በተጨማሪም የቴሌኮምና የኤሌክትሪክ መስመሮችን ለመጠበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 464/1997 መስመር ላይ ጉዳት ማድረስን በጽኑ እስራት ይቀጣል። ከሳሽ ሆነው ሄደው ተከሳሽ ሆነው እንዳይመለሱ።