ኮምፒውተር ሠራተኛ ሲመርጥ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

የሰው ኃይል ቅጥር ላይ ስለምሠራ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በቅጥር ውስጥ ስላለው ቦታ የጠየቃችሁኝን እነሆ።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተር ዘመድ የለውም፣ ጉቦም አይበላም። ከሰው አይሻልም?

መልስ፦ ዘመድ ባይኖረውም የቀጣሪውን የቆየ አመል ይወርሳል። አማዞን እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የሠራው መራጭ ፕሮግራም የአሥር ዓመት ማመልከቻዎችን እያየ ተማረ። አብዛኞቹ አመልካቾች ወንዶች ነበሩና «የሴቶች» የሚል ቃል ያለበትን ማመልከቻ፣ ለምሳሌ የሴቶች የቼዝ ክለብ መሪነትን የሚጠቅሰውን፣ ነጥብ ይቀንስበት ጀመር። ቃሉን እንዲያልፈው ቢያርሙትም ሌላ የማዳላት መንገድ እንደማያገኝ ማረጋገጫ ስላልነበረ ተዉት።

ጥያቄ፦ በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ፊቴን ያነባል?

መልስ፦ ሃየርቪው የተባለው ኩባንያ ይህን ሲያደርግ ቆይቶ በ2021 መተዉን አስታወቀ። የአውሮፓ ኅብረትም ከየካቲት 2025 ወዲህ በሥራ ቦታ ስሜትን ከፊት መገመትን ከልክሏል። እኔን ከጠየቁኝ ከጥንቆላ አይለይም።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ተመርቄ አሜሪካ ውስጥ ሥራ እፈልጋለሁ። ባመለከትኩ በደቂቃዎች ውስጥ «አልተመረጡም» ይለኛል።

መልስ፦ በዚህ ፍጥነት ሰው አላነበበውም። መጀመሪያ የቀን አቆጣጠርዎን ይመልከቱ። በ2008 ዓ.ም. ተመርቀው ቁጥሩን እንዳለ ከጻፉት፣ ፕሮግራሙ ስምንት ዓመት ያስረጅዎታል፤ 2016 ብለው ይጻፉ። ሠንጠረዥና ሁለት ዓምድ ያለው ሲቪም ሲነበብ ይደበላለቃል።

ዕድሜ ቀላል ነገር አይደለም። አይቱተርግሩፕ የተባለ ድርጅት ፕሮግራሙ ከ55 ዓመት ጀምሮ ያሉ ሴቶችንና ከ60 ጀምሮ ያሉ ወንዶችን በቀጥታ ይጥል ነበር ተብሎ ተከሶ፣ በ2023 በስምምነት 365,000 ዶላር ከፍሏል። የነቃችበት አንዲት አመልካች ናት፤ ያንኑ ማመልከቻ የትውልድ ቀኑን ብቻ ቀይራ ብትልክ ለቃለ መጠይቅ ተጠራች!

ጥያቄ፦ ማሽን መጠቀማቸውን ሊነግሩኝ ይገባል?

መልስ፦ እንደ አገሩ ነው። ኒውዮርክ ከተማ ከሐምሌ 2023 ጀምሮ ቀጣሪዎች ከአሥር የሥራ ቀናት በፊት እንዲያሳውቁና መሣሪያው ስለ አድልዎ በየዓመቱ እንዲመረመር ታስገድዳለች። ኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች፤ የቅጥር ማሽንን ብቻ የሚመለከት ሕግ ግን አይደለም።

ጥያቄ፦ ፕሮግራሙ እንዲመርጠኝ የሥራ ማስታወቂያውን ቃላት በነጭ ቀለም ሲቪው ውስጥ ብደብቅስ?

መልስ፦ ተዉት። ፕሮግራሙ ጽሑፉን የሚያወጣው ቀለም ሳይለይ ነው፤ ብዙ ጊዜ የደበቁት ሁሉ ቀጣሪው ፊት በጥቁር ተጽፎ ይቀርባል።