ለቅርጫት ኳስ ወዳጅ ወጣቶች፦ ዳኛን ስትወቅሱ

ይድረስ በየመጋቢቱ የአሜሪካን የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ስታዩ ለምታመሹ ልጆቼ።

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችና በትናንሽ ኮሌጆች ለብዙ ዓመታት ዳኝቻለሁ። ዛሬ ጉልበቴ እምቢ ስላለኝ አዳዲስ ዳኞችን አሠለጥናለሁ። ቡድናችሁ በተሸነፈ ቁጥር “ዳኛው ነው ያሸነፈን” ስትሉ እሰማለሁ። ቅሬታችሁን ከንቱ ነው አልልም፤ የኮሌጅ ዳኝነት የእውነት ችግር አለበት። ቁጣችሁ ግን ችግሩ ያለበትን ቦታ ስቶ ፊሽካ በያዘው ሰው ላይ ብቻ ያርፋል።

እ.ኤ.አ. በ2019 ሚኒያፖሊስ ላይ የቨርጂኒያና የኦበርን ዩኒቨርሲቲዎች ያደረጉትን የኮሌጆች ሻምፒዮና የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ አስታውሱ። ኦበርን እየመራ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩ የቨርጂኒያው ታይ ጀሮም ኳሷ እግሩን ነክታ አመለጠችው፤ በሁለት እጁ ያዛትና እንደገና ማንጠር ጀመረ። ይህ ደብል ድሪብል የሚባል ግልጽ ጥፋት ነበር፤ ሦስቱም ዳኞች አለፉት። ትንሽ ቆይቶ ካይል ጋይ ከጥግ ሦስት ነጥብ ሲሞክር ፋውል ተሰጠው። 0.6 ሰከንድ ሲቀር ሦስቱንም ነፃ ውርወራ አስገባና ቨርጂኒያ 63 ለ 62 አሸነፈች፤ ከሁለት ቀን በኋላም ዋንጫውን አነሣች። የኦበርን ደጋፊዎች አብዝተው የጮኹት በመጨረሻው ፋውል ላይ ነበር። እሱ ግን ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ ተከላካዩ አየር ላይ ያለውን ተኳሽ ማረፊያ አሳጥቶታል። ማንም ያልነፋበት የቀደመው ነው ስህተቱ።

ለሠልጣኞቼ ሁልጊዜ የምነግራቸውን ለእናንተም ልንገራችሁ። ተጫዋቹ ወደ ቅርጫቱ ሰንጥቆ ሲገባ ከቅርጫቱ ሥር የቆመው ዳኛ ኳሷን አያይም፤ የሚያየው ተከላካዩን ነው። ከ2023–24 የውድድር ዓመት ጀምሮ በወንዶች ጨዋታ ቻርጅ (አጥቂው ተከላካዩን በመግጨቱ የሚነፋበት ጥፋት) የሚባለው አጥቂው ለመዝለል የመጨረሻ እግሩን ሲተክል ተከላካዩ ቀድሞ ቦታውን ይዞ ከተገኘ ብቻ ነው። ዳኛው የተከላካዩን ደረትና የአጥቂውን እግር በአንድ ቅጽበት መያዝ አለበት፤ ሌላ ተጫዋች መሐል ከገባ ደግሞ ከሁለቱ አንዱ ይሸፈንበታል። እናንተ ግን ከላይ በተተከለ ካሜራ፣ በዝግታ፣ ደጋግማችሁ ታያላችሁ። እስቲ አንድ ምሽት ኳሷን ተዉና ተከላካዩን ብቻ እየተከተላችሁ፣ ድጋሚው ምስል ከመምጣቱ በፊት ውሳኔያችሁን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ።

ታዲያ ማንን እንጠይቅ? ሥራውን የሚያዋቅሩትን። የኮሌጅ ዳኛ ቋሚ ተቀጣሪ አይደለም፤ በጨዋታ ይከፈለዋል። የሚመድቡት ኮንፈረንሶቹ፣ ማለትም ኮሌጆቹ ተቧድነው የሚወዳደሩባቸው ማኅበራት ናቸው፤ አንድ ሰው ለብዙ ኮንፈረንስ ይሠራል፣ በክረምቱ ብርድ ዛሬ እዚህ ነገ ሌላ ስቴት ያድራል፣ ብዙዎቹም ሌላ መተዳደሪያ አላቸው። የደከመ ዐይን እንደሚስት ለማወቅ ዳኛ መሆን አያስፈልግም። የባለሙያዎቹ ሊግ ኤንቢኤ ከ2015 ጀምሮ የተቀራረቡ ጨዋታዎችን የመጨረሻ ሁለት ደቂቃ ውሳኔዎች እየገመገመ ለሕዝብ ያወጣል። ለኮሌጅ እንዲህ ያለ አገር አቀፍ ሪፖርት የለም፤ ይህ ሊጠየቅ ይገባል። በ2025–26 ለወንዶቹም አሠልጣኞች ውሳኔ ተቃውመው በምስል እንዲታይ የመጠየቅ መብት መሰጠቱ ጥሩ ጅምር ነው።

ስድብና ዛቻ ግን ምንም አያሻሽልም። በ2017 ኬንታኪ በኖርዝ ካሮላይና 75 ለ 73 ከተሸነፈች በኋላ ከዳኞቹ አንዱ ያለው የጣሪያ ሥራ ድርጅት በስልክ ተጥለቀለቀ፤ የግድያ ዛቻ ደረሰው። ጣሪያ አሠርተውት የማያውቁ ሰዎች ሥራው የማይረባ ነው እያሉ ኢንተርኔት ላይ ጻፉበት። የሰውን እንጀራ መዝጋት ነው ይሄ፤ ደጋፊነት ብዬ ልጠራው አልችልም። ታች ባለው እርከን ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስፖርት ብሔራዊ ፌዴሬሽን ከ2018–19 ወዲህ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 50,000 የሚጠጉ ዳኞች ሥራውን መተዋቸውን አስታውቋል። የነገው የኮሌጅ ዳኛ የሚወጣው ከእነዚያ መካከል ነበር።

በጨዋታ ገንዘብ ለምታስይዙም አንድ ነገር፦ ብር ያስያዘ ሰው ዳኛውን በቅን ዐይን ማየት አይችልም። ተዉት።

ዳኝነቱ የሚያንገበግባችሁ ግን ኑና ሥሩት። በየአካባቢው ያሉ የዳኞች ማኅበራት የውድድር ወቅቱ ከመጀመሩ በፊት፣ በመስከረምና በጥቅምት አካባቢ፣ አዲስ ሰው ይመዘግባሉ። ደንቡን ያስተምራሉ፣ ይፈትናሉ፣ ከዚያ የልጆች ጨዋታ ይመድቧችኋል፤ ክፍያም አለው። በየጂምናዚየሙ የኛ ልጆች ሲጫወቱ አያለሁ፣ ፊሽካ የያዘ ልጅ ግን እምብዛም አላየሁም። ለመጀመሪያው ቀን ጥቁር ሱሪ፣ ጥቁር ጫማና ፊሽካ ይበቃችኋል፤ ሸሚዙን የትኛውን እንደምትገዙ ማኅበሩ ይነግራችኋል።