ቅጠሉ ሲቀላ ፀጉርም ይቅላ? ስለ ፀጉር ቀለም ጥያቄና መልስ

ቅጠል መዳብ መምሰል በሚጀምርበት ወቅት የሰው ዓይንም ወደዚያው ያዘነብላል። ማር፣ ቀረፋ፣ ወይን ጠጅ የሚሉ የቀለም ስሞች ከሌላው ጊዜ ይልቅ አሁን ይነሣሉ። ፀጉር በመቀባት ብዙ ዓመት ስለ ሠራሁ፣ የጠየቃችሁኝን እንደ አመጣጡ እመልሳለሁ።

ፀጉሬ ጥቁር ነው። የቀለሙ ሣጥን ላይ ያለው ፎቶ ደማቅ መዳብ ነበር፤ ቀብቼው ግን ፀሐይ ላይ ካልቆምኩ ለውጡ አይታይም። ቀለሙ ጊዜው አልፎበት ይሆን?

ቀለሙ ምንም አልሆነ፤ ያሳሳተሽ ፎቶው ነው። የፀጉር ውጫዊ ሽፋን እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ነው። ቀለሙ ውስጥ ያለው አሞኒያ ቅርፊቱን ያላቅቀዋል፤ አብሮት የሚበጠበጠው ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ደግሞ ሁለት ሥራ ይሠራል። የተፈጥሮውን ቀለም ያሳሳዋል፣ አዲሱንም ቀለም እዚያው ውስጥ ያበስለዋል። የበሰለው ቀለም ስለሚተልቅ በገባበት ቀዳዳ በቀላሉ አይወጣም። ቋሚ ቀለም የሚባለውም ለዚህ ነው።

ባለሙያዎች የፀጉርን ጥቁረትና ንጣት ከ1 እስከ 10 ባለው ደረጃ ይለኩታል። 1 ጥቁር ነው፣ 10 በጣም የነጣ ወርቃማ። ያንቺ ፀጉር 1 ወይም 2 ላይ ይሆናል፤ ደማቅ መዳብ ደግሞ 7 አካባቢ ነው። በሣጥን ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚመጣው 6 በመቶ ፐርኦክሳይድ አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ቢያነሣ ነው። ያቺ ፎቶ ላይ ያለችው ልጅ ፀጉሯ ሳይቀባ በፊትም የነጣ ነበር። ሌላ ጊዜ ስትገዢ ፎቶውን ተይና ከሣጥኑ ጎን ወይም ጀርባ ያለውን የ«በፊት» እና የ«በኋላ» ሠንጠረዥ ተመልከቺ። ያንቺን የሚመስል ፀጉር በ«በፊት» በኩል ከሌለ ያ ሣጥን ለሌላ ሰው የተሠራ ነው።

ታዲያ ቤት ውስጥ ላንጣው?

ጥቁር ፀጉር ሲነጣ በአንድ ጊዜ ወርቅ አይሆንም። መጀመሪያ ይቀላል፣ ከዚያ ብርቱካንማ ይሆናል፣ ከዚያ ቢጫ። እዚህ ላይ የዚህ ወቅት ቀለሞች ለጥቁር ፀጉር ደጎች ናቸው። መዳብና ቀረፋ የሚቀመጡት ብርቱካንማው ላይ ስለሆነ፣ ፀጉሩን እስከ ቢጫው ድረስ ማሰቃየት አያስፈልግም። ፈዛዛ ወርቃማ ፀጉር የሚፈልግ ሰው ግን መንገዱን ሁሉ መሄድ አለበት፤ ፀጉሩም ዋጋውን ይከፍላል።

ቢሆንም መላውን ራስ ብቻሽን አታንጪ። እኔ በጀማሪነቴ የራሴን ፀጉር ሳነጣ «ትንሽ ይቆይ» እያልኩ ረሳሁት። ሳጥበው ከግንባሬ በላይ ያለው ክፍል እንደ ረጠበ ሙጫ ተለጠጠ፤ ሳበጥረው ማበጠሪያው ላይ ቀረ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ፊት ዙሪያ ያሉ ጥቂት ዘለላዎችን ብቻ በባለሙያ አስነጪ፤ የቀረውን ጥቁሩን ተይው። እኔን ብትጠይቂኝ ጥቁር ላይ ጣል ጣል ያለ መዳብ ሙሉ በሙሉ ከቀላ ራስ ይበልጣል።

ያልፈለግሽው ብርቱካንማ ከወጣ የቀለም ተቃራኒ ሕግ አለ። ሰማያዊ ብርቱካንማን፣ ሐምራዊ ቢጫን፣ አረንጓዴ ቀይን ያደበዝዛል። ሰማያዊና ሐምራዊ ሻምፑዎች የሚሸጡትም ለዚሁ ነው።

ባለፈው ዓመት ጥቁር ተቀብቼ ነበር። አሁን በላዩ ፈካ ያለ ቡናማ ብቀባበትስ?

ሥሩ ላይ የበቀለው ይፈካል፤ የተቀባው ጥቁር እንደ ጥቁር ይቀራል። ቀለም ቀለምን አያነሣም። ወይ አሮጌውን ቀለም በማስወገጃ ማውጣት፣ ወይ አብቅሎ መቁረጥ ነው። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ ሁለተኛው ትዕግሥት ይፈልጋል።

እትዬ፣ ከጆሮ ጀርባ መሞከር የሚሉት ነገር ግዴታ ነው? ከዚህ በፊት ተቀብቼ ምንም አልሆንኩም።

ግዴታ ነው ልጄ፤ «ከዚህ በፊት ምንም አልሆንኩም» የሚለውም አያድንሽም። ፒፒዲ የሚባለው ንጥረ ነገር በአብዛኛው ጠቆር ባለ ቋሚ ቀለም ውስጥ አለ። አለርጂው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ቀን አይመጣም። ሰውነት መጀመሪያ ያውቀዋል፣ ይመዘግበዋል፣ በሦስተኛው ወይም በአሥረኛው ጊዜ ይነሣበታል። የራስ ቆዳ ይቆጣል፣ ዐይን እስኪጨፈን ፊት ያብጣል። ስለዚህ ከመቀባትሽ 48 ሰዓት በፊት መመሪያው እንደሚለው ጥቂት ቀብተሽ ጠብቂ፤ በቀባሽ ቁጥር ደግሞ ድገሚው።

በቆዳሽ ላይ «ጥቁር ሂና» የሚባል ጊዜያዊ ንቅሳት አሠርተሽ ከነበረ የበለጠ ተጠንቀቂ። እውነተኛ ሂና ጥቁር አይደለም፤ የሚያጠቁረው ብዙ ጊዜ ይኸው ፒፒዲ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ራስ ላይ በሚቀባ ቀለም ውስጥ ከ2 በመቶ በላይ እንዳይገባ ከልክሏል። በንቅሳቱ ቅይጥ ውስጥ ግን ማንም ሳይለካ ከዚያ እጅግ በላይ ሊጨመር ይችላል። በዚያ የተቆጣ ቆዳ ከዓመታት በኋላም በፀጉር ቀለም ይቀሰቀሳል።

ሂና ግን ተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም አይደል?

ንጹሑ ሂና ከብዙዎቹ የዋህ ነው። ሎሶን የሚባለው የቅጠሉ ቀለም ከፀጉሩ ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል፤ ፀጉርን አያነጣም። ጥቁር ፀጉር ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት ብቻ የሚታይ ቀላ ያለ ጸዳል ይሰጣል፤ ሽበት ላይ ግን ብርቱካንማ ሆኖ ይጮኻል። ተንኮሉ «ቡናማ ሂና»፣ «ጥቁር ሂና» ተብሎ በሚሸጠው ላይ ነው። አንዳንዱ ኢንዲጎ የሚባል ሌላ ተክል የተጨመረበት ነው፤ እሱ ግድ የለም። አንዳንዱ ግን የብረታ ብረት ጨው አለበት። በዚያ ላይ የሚያነጣ ውሕድ ሲቀባ ሊግል፣ ሊጨስ፣ ፀጉሩንም ሊያቀልጠው ይችላል። ሂና ተቀብታችሁ ከነበረ ለባለሙያው ሳትደብቁ ተናገሩ፤ መጀመሪያ በተቆረጠች ዘለላ ይሞክረው።

እኔ ወንድ ነኝ፤ ራሴም ጢሜም ሸብቷል። ብቀባ ያስቅብኛል?

የሚያስቀው መቀባቱ ሳይሆን እንደ ጫማ ቀለም አንድ ወጥ ጥቁር መሆኑ ነው። ከተፈጥሮዎ ቀለም አንድ ደረጃ ፈካ ያለ፣ አሞኒያ የሌለበት፣ ቀስ በቀስ የሚለቅ ቀለም ይምረጡ። ሽበቱን አይሸፍነውም፣ ያለዝበዋል፤ ሲያድግም ድንበር አይሠራም። ለጢም ለጢም የተሠራውን ይጠቀሙ። በቅንድብና በዐይን ሽፋሽፍት ላይ የራስ ፀጉር ቀለም ፈጽሞ አይቀቡ፤ ዐይን ሊያጠፋ ይችላል።

ቀዩ በሁለት ሳምንት ወየበ።

ቀይ እንዲህ ነው፤ ከሁሉም ቀድሞ የሚሄድ ቀለም እሱ ነው። ከተቀባሽ በኋላ ሁለት ቀን አትታጠቢ። ከዚያም ለብ ባለ ውኃ፣ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ይበቃል። ቀለም ያለበት ኮንዲሽነር በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ይመልስልሻል። ፀሐይም ያነጣዋል፤ ሻሽ ወይም ባርኔጣ አድርጊ። ነጭ ፎጣሽንና ነጭ ትራስሽን ደግሞ ለጊዜው አርቂ።

ፀጉር የሚያለሰልሰው ሪላክሰርና ቀለም በአንድ ቀን ይሆናል?

አይሆንም። ሪላክሰሩ ይቅደም፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይለፍ፣ ከዚያ ቀለሙ። የነጣ ፀጉር ላይ ግን ሪላክሰር አይታሰብ።

በዚህ ወቅት ፀጉሬ ይረግፋል። ቀለሙ ይሆን?

የወደቀውን ፀጉር አንሥተሽ ጫፉን እይው። ነጭ ትንሽ እብጠት ካለው ዕድሜውን ጨርሶ ከሥሩ የወጣ ነው፤ በቀን ከ50 እስከ 100 ቢወድቅ የተለመደ ነው። እብጠት የሌለው አጭር ቁራጭ ከሆነ ተሰብሯል፤ ቀለሙንና የፀጉር ማድረቂያውን ሙቀት ተጠርጣሪ አድርጊ። ራስሽ ላይ ገላጣ ቦታ ከታየ ግን ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ እኔ ሐኪም አይደለሁም።

ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ልቀባ?

በቆዳ በኩል የሚገባው መጠን አነስተኛ እንደሆነ ሐኪሞች ይናገራሉ፤ ብዙዎች ግን የመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት እስኪያልፉ መቆየትን ይመርጣሉ። ቆዳ የማይነካ የዘለላ ቀለም ይሻላል። ውሳኔው ያንቺና የሐኪምሽ ነው።

ጠይም ነኝ። የትኛው ይስማማኛል? የእጅ ደም ሥር ቀለም ይታያል ይላሉ።

የደም ሥሩን ነገር አላምንበትም፤ መብራቱ ሲቀየር እሱም ይቀየራል። ቀን በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ምንም መዋቢያ፣ አንዴ መዳብ መሰል አንዴ ወይን ጠጅ ጨርቅ ፊትሽ አጠገብ ያዢ። አንዱ ከዐይንሽ ሥር ያለውን ጥላ ያጎላዋል፣ ሌላው ያጠፋዋል። የሚያጠፋውን ውሰጂ። ለመቀባት ካልቆረጥሽ ደግሞ ያንኑ ጨርቅ ሻሽ አድርጊው፤ ሳምንት ለብሰሽው ካልሰለቸሽ ያን ጊዜ ተቀቢ።

ግንባሬና ጆሮዬ በቀለም ተጨማለቀ።

ከመቀባት በፊት ዳር ዳሩን ቫዝሊን። ካለፈ በኋላ ዘይት በጥጥ፣ ቀስ ብሎ።

እትዬ፣ የእርስዎ ፀጉርስ ምን ዓይነት ነው?

ሽበት ነው። ለብዙ ዓመት ያለ ጓንት ስበጠብጥ ኖሬ እጄ ተቆጣ፤ ምርመራው ፒፒዲ አለ። አሁን ሌላውን እቀባለሁ፣ ሁለት ጓንት ደርቤ።