ሽቦውን ይዞ የቆመው

ይድረስ ለምክር አምዱ አዘጋጅ፣

ትዕግሥቴ ስላለቀ እጽፋለሁ። ታናሽ ወንድሜ ከእናታችን ዕረፍት በኋላ ቤቱን ሲያጸዳ የአባታችንን ራዲዮ ሳያማክረኝ ለቆራሌ ሸጠው። ሄርማታ ባለው ቤታችን ከብፌው ላይ ወርዶ የማያውቅ ፊሊፕስ ነበር፤ የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም እናታችን ፀሐይ ላይ ታሰጣው፣ አባታችንም ከልብስ ስፌታቸው ሲመለሱ እጃቸውን ታጥበው ይከፍቱት ነበር። ጥላሁን ገሠሠን፣ ብዙነሽ በቀለንና ዓሊ ቢራን መልካቸውን ከማየቴ ከብዙ ዓመት በፊት ያወቅኋቸው በዚያ ሣጥን ነው። ማታ የሩቁ ሞገድ መሰማት ሲጀምር ደግሞ ከሱዳኗ ኦምዱርማን የዘፋኙ የመሐመድ ወርዲ ድምፅ ይደርሰን ነበርና፣ ዐረብኛ ሳላውቅ በዜማው ብቻ አልቅሻለሁ። ዝናብ ሲመጣ ጣቢያው ስለሚያስቸግር ወንድሜ ሽቦውን ይዞ ደጅ ይቆምልን ነበር።

ስቆጣው «ከ20 ዓመት ወዲህ ያልሠራ ዕቃ ነው፤ ዘፈኑ ሁሉ ስልክሽ ላይ አለ» አለኝ። ስልኬ ላይ ያለው እኔው የመረጥሁት ነው፤ በራዲዮ ግን ቀጥሎ የሚመጣውን የሚያውቅ ስላልነበረ ቤተሰቡ በሙሉ ጸጥ ብሎ ይጠብቅ ነበር። ይህን ለገዛ ወንድሜ ማስረዳት ነበረብኝን? ራዲዮው የሚሸጥ ዕቃ አልነበረም። ቃል ሳንለዋወጥ 8 ወር አለፈን። በጥር ልጁን ይድራል፤ የጥሪ ወረቀቱን በጎረቤት እጅ ላከልኝ። ብቀር በደል ይሆንብኛልን?

አንዲት እህት፣ ከጅማ

መልስ፦

እህቴ ሆይ፣ ስለ ሽያጩ አልከራከርዎትም። እኔን ያስደነገጠኝ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያለፉት ልጅ ነው። በአጭር ሞገድ ስናዳምጥ ላደግን ሰዎች ነገሩ ግልጽ ነው፤ የሰው ገላ አንቴናውን ስለሚያግዝ ሽቦውን የያዘው ሰው በለቀቀ ቅጽበት ጣቢያው ይጠፋል። ስለዚህ ያ ልጅ ዘፈኑ እስኪያልቅ እጁን ማንሣት አይችልም ነበር። የጅማን ክረምት አውቀዋለሁ፤ በዚያ መብረቅ ሥር ልጅን ሽቦ አስይዞ ማቆም ለሕይወቱ የሚያሰጋ መሆኑን ያን ጊዜ ማንም አላሰበም፤ እርስዎም ይኸው እስከ ዛሬ አላሰቡትም። እርስዎ ከአባትዎ ጎን ሆነው ወርዲን ሲያገኙ፣ እርሱ ይሰማ የነበረው ቆርቆሮውን የሚደበድበውን ዝናብ ነው። ዕቃውን ለቆራሌ መስጠት ለምን እንዳልከበደው ጠይቀውት ያውቃሉን?

ይቅሩ የሚል ቃል ከእኔ አይጠብቁ። ታላቅ እህት እንደ እንግዳ በጥሪ ወረቀት አትሄድምና፣ ሳምንት ቀድመው ሽንኩርቱ ሲከተፍ ይድረሱ። ስለ ራዲዮው አንድም ቃል ሳያነሡ፣ ደጅ ቆሞ ሳለ በግድግዳው አልፎ የሚሰማው ዘፈን የትኛው እንደ ነበር ይጠይቁት። የነገረዎትን ዘፈን ከስልክዎ ይክፈቱለትና እስኪያልቅ አብረውት ይቀመጡ።