«ተናደድክብኝ እንዴ?»

ባለቤትሽ ፊቱ ትንሽ በጠቆረ ቁጥር «ሰልችቼዋለሁ» የሚል ሐሳብ እንደሚይዝሽ፣ እንቅልፍ እንደሚነሳሽ፣ በጎ በጎውን ለማሰብ ብትሞክሪም እንዳልሆነልሽ ጽፈሽልኛል። «ሐሳቤን እንዴት ልቀይር? እሱስ ለምን አይረዳኝም?» ነው ጥያቄሽ።

እህቴ፣ ያንን የማክሰኞ ማታ አንቺው እንደጻፍሽው ልድገመው። ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ወርወር አድርጎ ገባ። «ተናደድክብኝ እንዴ?» አልሽው። «አይ» አለ። እራት ላይ ደገምሽለት፤ አሁንም «አይ» አለ። መኝታ ላይ ስትሠልሺው ጮኸ። አንቺም «ይኸው፣ ብዬ ነበር» አልሽ። ከቁልፉ እስከ ጩኸቱ ድረስ ግን ቀኑ እንዴት እንደዋለ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅሽውም።

አሮን ቤክ የተባለ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በድብርት የሚሠቃዩ ታካሚዎቹን ሲከታተል ያስተዋለው ነገር አለ። ስሜታቸው ከመውደቁ በፊት አንዲት አጭር ሐሳብ ብልጭ ትላለች፤ ከፍጥነቷ የተነሳ የሚያስባት ሰው እንኳ አያያትም፤ እውነት አድርጎ ግን ይቀበላታል። «ሰልችቼዋለሁ» እንዲህ ያለች ሐሳብ ናት። የሆነው ቁልፍ መወርወሩ ብቻ ነው፤ ሌላው ግምትሽ ነው። በጎ ማሰቡ ያልሠራልሽም ለዚህ ይመስለኛል፤ ያልተጣራ ግምትን በሌላ ያልተጣራ ግምት መሸፈን ነውና ልብ አያምነውም። ሐሳብን መቀየር የምንለው ግምቱን ማጣራት ነው።

አንቺ ደግሞ የምታጣሪ እየመሰለሽ ማረጋገጫ ትለምኛለሽ። የእሱ «አይ» ለጥቂት ደቂቃ ያሳርፍሻል፤ ያቺ እፎይታ ግን ነገም እንድትጠይቂ ታስለምድሻለች። ደጋግመሽ ስትጠይቂው ይሰለቻል፣ ሲሰለች ደግሞ ግምትሽ ማስረጃ አገኘ። መጮሁን ልክ ነው አላልኩም። ሁለት ጊዜ ተናግሮ ሁለቴም አለመታመን ግን እሱንም ያደክመዋል፤ «ለምን አትረዳኝም?» የሚለውን እሱም በሆዱ ይዞት ይሆናል።

ለጊዜው ይህን ሞክሪ። ጭንቀቱ ሲመጣ በዓይንሽ ያየሽውን፣ የገመትሽውን፣ ሌላ ምን ሊሆን እንደሚችል ለይተሽ ጻፊ። ጥያቄሽንም ግማሽ ሰዓት አቆይው፤ ከቻልሽ በ«ቀኑ እንዴት ዋለ?» ለውጪው። መጀመሪያ ላይ ጭንቀቱ ሊብስ ይችላልና አትደንግጪ።

በዚህ ብቻ ያልቃል ግን አልልሽም። በደብዳቤሽ ጥግ «ከልጅነቴ ጀምሮ የሰው ፊት ማንበብ አውቃለሁ» ብለሽ በኩራት ጽፈሻል። እኔ እዚያ ላይ ቆምኩ። ልጅ ፊት ማንበብ የሚማረው ካላነበበ የሚጎዳው ነገር ሲኖር ሊሆን ይችላል። ያኔ ታነቢው የነበረው የማንን ፊት ነው? ይህን በደብዳቤ አትመልሺልኝ፤ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ ሄደሽ ፊት ለፊት ተቀምጠሽ አውሪው። እንዲህ ያለው ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ በርከት ያለ ቀጠሮ ይወስዳል። የመጀመሪያው ላይ ብቻሽን ብትሄጂ ይሻላል፤ ባለቤትሽ በኋላ ይደርሳል።